ጓያ መቼ ቢነቀል ለምን ምግብ ይሆናል?

ባለፈው የማስተማር ልምምድ ወቅት ከመካከላችን አንዷ በደጀን ወረዳ በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ስለ ምግብ ዓይነቶች ታስተምር ነበር። በሰሌዳው ላይ "ኀይል ሰጪ፣ ገንቢ፣ በሽታ ተከላካይ" ብላ ጻፈችና ከገንቢ ምግቦች ምሳሌ ጥሩልኝ አለች። አንድ ልጅ ከኋላ ብድግ ብሎ "ጓያ!" አለ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ሌላዋ ተማሪ ደግሞ ሳትጠየቅ፣ "ቲቸር፣ ጓያ እኮ ይሰብራል!" አለች። ልጁ ግን ኪሱ ሙሉ የጓያ እሸት ነበረ፤ ጠዋት በመንገድ እየፈለፈለ ሲበላ የመጣው ነው። እጩዋ መምህርት ምን ትበል? ሁለቱም ልጆች ልክ ናቸው። ጓያ ገንቢ ነው፤ ጓያ ይሰብራልም። ደወሉ ተደወለና ገላገላት።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢዎች ሦስት ነን፤ አንዳችን ከደጀን፣ አንዳችን ከቢቸና፣ አንዳችን ከሞጣ። ከዚያች ቀን በኋላ ነገሩ ከነከነን። በዕረፍት ጊዜ በየቤታችን እናቶችንና አክስቶችን ጠየቅን፣ የተጻፈውንም አነበብን፣ መምህራንንም አስቸገርን። እዚህ ግድግዳ ላይ የምናቀርበው ከዚያ ያገኘነውን ነው። ነገሩን ስንመረምረው ደግሞ ጓያ ይበላ ወይስ አይበላ ከሚለው የተለመደ ክርክር ይልቅ ብዙ የሚናገረው ሌላ ጥያቄ ሆኖ አገኘነው፤ ይኸውም ጓያው መቼ ተነቅሎ ለምን ምግብ ሆነ የሚለው ነው።

እንደሚታወቀው በእኛ አገር ዋልካ መሬት ላይ ጓያ የሚዘራው ክረምቱ ወጣ ሲል፣ ውኃው ከማሳው ሲጠፋ ነው። በመሬቱ ውስጥ በቀረችው እርጥበት ብቻ ያድጋል። ማዳበሪያ አይልም፣ አረም ብዙ አያስቸግረውም፣ ዝናብ ቢቀር ይችላል፣ ውኃ ቢተኛበትም እንደ ሌላው ጥራጥሬ ቶሎ አይሞትም፤ መሬቱንም ያዳብራል። ፕሮቲኑ ከመቶ ሩቡን ያህል ወይም ከዚያ በላይ ነው። ታዲያ ድሀ ገበሬ ጓያን ቢወድ ምን ይገርማል? ጤፉ ሲከዳ፣ ሽምብራው በትል ሲበላ፣ ያ ሰማያዊ አበባ ያለው ሐረግ ግን ማሳው ላይ ቆሞ ይታያል። ጥቅሙም ጉዳቱም የሚመነጨው ከዚሁ ነው። ሌላው ሁሉ ሲጠፋ እርሱ ብቻውን ይቀራልና።

አሁን ወደ ጊዜው እንምጣ። ጓያ በገበሬው ቤት የሚበላው በሦስት ዕድሜው ነው።

የመጀመሪያው እሸቱ ነው። ታኅሣሥ ገደማ ቅርፊቱ አረንጓዴ ሳለ ፍሬው ጣፋጭ ነው፤ እረኛ፣ ተማሪ፣ መንገደኛ ሁሉ ይፈለፍለዋል። እሳት አያየውም፣ ውኃ አይነካውም፣ እንዲያው ጥሬውን ነው። ለብዙ ሰው ይህ ከምግብ አይቆጠርም፤ ጨዋታ ነው። እናት "ልጄ ዛሬ ምን በላ?" ብትባል እሸቱን አትቆጥረውም። እኛም ልጆች ሳለን ስንት እንደበላን ማን ቆጥሮልን!

ሁለተኛው ሳይደርስ የተነቀለው ነው። አስቸጋሪው ይህ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርገን እንናገራለን። በደንብ የደረሰ ጓያ ሐረጉ ቢጫ ይሆናል፣ የታችኞቹ ፍሬዎች ቅርፊታቸው ይደርቃል፣ ሲነቀንቁት ይንኮሻኮሻል፣ ፍሬውም በጥርስ ሲነከስ አይበገርም። ያኔ ጤዛው ሳይረግፍ በማለዳ ይነቀላል፤ ፀሐይ ከጠና በኋላ ከነኩት ቅርፊቱ እየፈነዳ መሬት ላይ ይቀራል። ብዙ ሰው ግን እስከዚያ አይጠብቅም። አንዱ ቤቱ እህል ስላለቀበት ይነቅላል። ሌላው ከብት እንዳይገባበት ወይም ሌባ እንዳይቀድመው ሰግቶ ይነቅላል። ሌላው ደግሞ ዕዳ ለመክፈል ይቸኩላል። ሳይደርስ የተነቀለ ጓያ ሲደርቅ ፍሬው ይጨማደዳል፣ ገለፈቱ ከፍሬው ጋር ይጣበቃል። ወደ ወፍጮ ቢወስዱት ደህና አድርጎ አይከካም፤ ግማሹ ይደቅቃል፣ ግማሹ ከነገለፈቱ ይቀራል። ክክ ካልሆነ ጥሩ ሽሮ አይሆንም። ጎታ ውስጥ ቢያስገቡትም እርጥበት ስላለው ይሻግታል። ታዲያ የት ይሄዳል? ወይ ድስት ውስጥ ገብቶ ንፍሮ ይሆናል፣ ወይ ምጣድ ላይ ወጥቶ ቆሎ ይሆናል።

ይህን ነገር አንዲት የሞጣ አክስታችን ያለ ምንም ትምህርት በአንድ ዐረፍተ ነገር ነገረችን። "የደረሰውንማ ለክክ አስቀምጠዋለሁ፣ የተረፈውንም ገበያ እወስደዋለሁ፤ ግርዱን ነው ለልጆቹ የምቀቅለው" አለች። እኛ ደብተራችንን ይዘን ስንጽፍ፣ እርሷ ምን የሚጻፍ ነገር ተገኘ ብላ ሳቀች።

ሦስተኛው የደረሰው፣ የተወቃው፣ የደረቀው ነው። ይህ ይለቀማል፣ ይታጠባል፣ ይታመሳል፣ ይከካል፣ በሰፌድ ይበጠራል፤ ከዚያ ከነቅመማ ቅመሙ ተፈጭቶ ሽሮ ይሆናል። ወይም ዱቄቱ ከጤፍ፣ ከማሽላ ወይም ከገብስ ዱቄት ጋር ተቀላቅሎ ቂጣ ይጋገራል፤ አንዳንዱ ቤት ደግሞ ይቦካና እንጀራ ይሆናል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በዚህ ሁሉ ጉዞ ጓያው በውኃ ያልፋል፣ በእሳት ያልፋል፣ ገለፈቱን ያጣል፣ ከሌላ እህል ጋር ይቀላቀላል። እሸቱና ግርዱ ግን ከማሳ ወደ አፍ የሚሄዱት በአቋራጭ ነው።

ይህ የእኛ ግምት ብቻ አይደለም። በወሎ በደላንታና ዳውንት አካባቢ ከ1987 እስከ 1991 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ድርቅ ደርሶ ሌላው እህል ሲጠፋ ብዙ ሰው በጓያ ተሰብሯል። ያንን ያጠኑት ሐኪሞች የታመሙትንና ያልታመሙትን ምን ምን እንደበሉ እየጠየቁ አነጻጸሩ። የተቀቀለውን ጓያና ያልደረሰውን እሸት በጥሬው የሚበሉት ይበልጥ ተጎድተው አገኟቸው። ከሌላ እህል ጋር ቀላቅለው የሚበሉት፣ አቡክተው የሚጋግሩት፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ካለበት ወጥ ጋር የሚበሉት ደግሞ የተሻሉ ነበሩ። ከዚያ በፊትም በ1969 ዓ.ም. በጎንደር በደምቢያና በፎገራ ወረርሽኙ ታይቶ ነበር። ጎንደርም ወሎም ለእኛ ጎረቤት ናቸው፤ መሬቱም ያው ዋልካ፣ ምግቡም ያው ንፍሮና ሽሮ ነው።

ለመሆኑ በጓያው ውስጥ ያለው ምንድን ነው? መርዙን እ.ኤ.አ. በ1964 በህንድ አገር ተመራማሪዎች ለይተው አወጡት፤ በአጭር ስሙ ኦዳፕ ይባላል። በነርቮቻችን መካከል መልእክት የሚያመላልስ ግሉታሜት የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ኦዳፕ መልኩ እርሱን ይመስላል። ነርቩ የገዛ መልእክተኛው መስሎት ይቀበለዋል፤ ያለ ልክ ይነቃቃና በመጨረሻ ይሞታል። የሚጎዱት በተለይ ወደ እግር የሚወርዱት ናቸው። ሰውየው አንድ ቀን ጠዋት ሲነሣ ወይም ከሥራ ሲመለስ እግሩ ይከዳዋል። ጡንቻው ይገተራል፣ በጣቱ ጫፍ ይረግጣል፣ ሲራመድ ጉልበቶቹ ይፋተጋሉ። ቀሎ የያዘው በአንድ ዘንግ፣ የባሰበት በሁለት ዘንግ ይሄዳል፤ እጅግ የጠናበት በእጁ ይድሃል። አእምሮውን አይነካውም፣ ነፍሱንም አይወስደውም፤ የሚያድነው መድኀኒትም አልተገኘም። በብዛት የሚያዙት ወንዶች ልጆችና ጎልማሶች ናቸው፤ ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ የሚሠራው ይበልጥ እንደሚጋለጥ ይነገራል።

ይህ መርዝ በፍሬው ውስጥ ሁልጊዜ እኩል አይደለም። ገና በማደግ ላይ ባለው አረንጓዴ ፍሬ ውስጥ በርከት ይላል፤ ፍሬው እየደረሰ ሲሄድ መጠኑ ይቀንሳል። ዝናብ ያጠረው ተክልም ይበልጥ ያመርተዋል። ይህ ሁለተኛው ነገር ያሳዝናል። በድርቅ ዓመት ጓያው ራሱ ይበልጥ መርዛም ይሆናል፤ በዚያው ዓመት ሰው በረሃብ ተገፍቶ ቀድሞ ይነቅለዋል፤ በዚያው ዓመት የሚቀላቅለው ጤፍ የለውም፤ በዚያው ዓመት ማገዶና ቅመም ያጥረዋል። አራቱ አንድ ላይ ይመጣሉ። በደህናው ዓመት ግን ከሌላ ምግብ ጋር ጥቂት የጓያ ሽሮ የበላ ሰው ምንም አይሆንም፤ ብዙዎቻችን የዚህ ምስክር ነን። አደጋው የሚመጣው ጓያ ከምግቡ ሲሶውንና ከዚያ በላይ ሲይዝ፣ ያውም ለወራት ሲቀጥል ነው።

ሰው ሁሉ ጓያን የድሀ ኢትዮጵያዊ ጣጣ አድርጎ እንዳያየው አንድ ታሪክ እንጨምር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1942 መጨረሻ፣ ዛሬ በዩክሬን ውስጥ ባለችው በቫፕኒያርካ እስር ቤት ለታሰሩ አይሁዶች በየቀኑ 400 ግራም የተቀቀለ ጓያ ይሰጣቸው ነበር። ጥቂት ሳምንታት እንኳ ሳይረዝሙ እስረኞቹ እግራቸው ይታሰር ጀመር። ነገሩ ከጓያው መሆኑን የነቃው ከእስረኞቹ አንዱ የነበረው ሐኪም አርተር ኬስለር ነው። ኬስለር ራሱም ከዚያው ከተቀቀለው ይበላ ነበር።

ይህን እየጻፍን ሳለ ከደቡብ የመጡ አንድ መምህራችን ወረቀቱን አይተው፣ "እናንተ ጓያ ትላላችሁ፤ በእኛ በኩል ደግሞ ካሳቫን ጠይቁ" አሉን። ካሳቫ እዚህ ደጀን አይታወቅም፤ በወላይታ፣ በጋሞና በአማሮ ግን ገበሬው ያውቀዋል። ሥሩ ነው የሚበላው። ልጠው ይቀቅሉታል፤ ወይም ከትፈው በፀሐይ ያደርቁትና አስፈጭተው ከጤፍ ወይም ከበቆሎ ዱቄት ጋር ይጋግሩታል። ከጓያ ጋር ዘመድነት የለውም፤ አንዱ ጥራጥሬ ነው፣ ሌላው ሥራ ሥር ነው። ባሕርያቸው ግን ወንድማማች ያሰኛቸዋል።

ካሳቫ ከመሬት ካልወጣ ወራት ይቆያል፤ ገበሬው መሬቱን እንደ ጎታ ይጠቀምበታል። ከተነቀለ በኋላ ግን በሁለት ሦስት ቀን ይበላሻል፤ ስለዚህ የነቀለች ሴት ወዲያው መላጥ፣ መዘፍዘፍ፣ ማድረቅ አለባት። ከመጠን በላይ ካረጀም እየጠነከረ እንጨት ይሆናል። መራራው ዓይነት በሰውነት ውስጥ ሲያናይድ የሚባል መርዝ የሚያወጣ ነገር አለው፤ ድርቅ ሲሆን ይህም እንደ ኦዳፕ ይበዛል። መርዙ የሚወጣው በመዘፍዘፍና በማድረቅ ነው፤ ይህ ደግሞ ቀናት ይፈልጋል። በኮንጎ በባንዱንዱ ክፍለ ሀገር ሴቶች ካሳቫውን ሦስት ቀን ይዘፈዝፉት ነበር። ወደ ኪንሻሳ ጥሩ መንገድ ከተሠራ በኋላ ነጋዴው ቶሎ ቶሎ ፈለገ፤ የሚዘፈዘፍበት ጊዜ ወደ አንድ ቀን ወረደ። የዚያን ጊዜ ልጆችና እናቶች እግራቸው ይታሰር ጀመር። በሽታው በዚያው አገር ቋንቋ ኮንዞ ይባላል፤ የታሰረ እግር እንደ ማለት ነው። በሞዛምቢክ በናምፑላም እ.ኤ.አ. በ1981 በድርቅ ጊዜ ሰው ካሳቫውን ሳያደርቅ ሲበላ ከ1 ሺህ 1 መቶ በላይ ሰዎች በዚሁ ተይዘዋል። ኮንዞ የያዘውንና ጓያ የሰበረውን አጠገብ ለአጠገብ ቢያቆሟቸው አካሄዳቸው አንድ ነው።

ሁለቱ የሚገናኙበት ሌላም ነገር አለ። ጓያም ካሳቫም ሰልፈር ያለባቸው አሚኖ አሲዶች ያንሷቸዋል። ሰውነታችን የካሳቫን መርዝ ለማርከስ እነዚህን ይፈልጋል፤ ጓያንም ለመቋቋም ያግዙታል ተብሎ ይታመናል። ጤፍና ሌሎች የብርዕ እህሎች ደግሞ እነዚህን በተሻለ ይሰጣሉ። እንግዲህ እናቶቻችን ጓያን ከጤፍ ጋር መቀላቀላቸው ለጣዕም ብቻ እንዳልነበረ ይታየናል። በካሳቫው አገርም በጤፍ ዱቄት ይቀላቅሉታል፤ ማንም ለማንም ሳይነግር።

ደግሞ የእናቶችን ነገር ካነሣን ሁሉም የሚሉት ልክ ነው ማለት አይደለም። በየቤቱ የሰማነው "ጓያ ሲቀቀል እንፋሎቱ ይሰብራል"፣ "ገለባው ላይ የተኛ ይሰበራል"፣ "ማሳው መካከል ያለፈ ይሰበራል" የሚል ነው። ይህ ስሕተት ነው፤ መርዙ የሚገባው በአፍ ነው። የሚያስቀው፣ ይልቁንም የሚያስለቅሰው፣ ድስቱ ሲፈላ እናቲቱ ልጆቿን ከጎጆው ታስወጣና ንፍሮው ሲበርድ ጠርታ ታበላቸዋለች። ሆኖም ከዚያው ወግ ውስጥ እውነትም አለ። ኦዳፕ በውኃ ይሟሟል። ጓያው በሙቅ ውኃ ተዘፍዝፎ አድሮ ውኃው ቢደፋ፣ ከዚያም በብዙ ውኃ ተቀቅሎ ያም ቢደፋ፣ ከመርዙ ብዙው አብሮ ይሄዳል። የቢቸናው ጓደኛችን አያት ሁልጊዜ የመጀመሪያውን ውኃ ትደፋለች፤ ምክንያቱን ስንጠይቃት "ጥቁር ነው፣ ያስጠላል" ብቻ አለች። ምክንያቱ ልክ ባይሆን ሥራዋ ልክ ነው።

እዚህ ላይ እኛ ሦስታችን አልተስማማንም። አንዳችን "መምህር ጓያ አትብሉ ብሎ ቆርጦ ይናገር" አለ። ሁለታችን ግን አይሆንም አልን። ሌላ ነገር በሌለበት ዓመት አትብሉ ማለት ጦማችሁን እደሩ ማለት ነው። ውኃውን ድፉ ማለትም ቀላል አይደለም። ወደ ዐባይ በረሃ በሚወርዱት ቀበሌዎች አንድ እንስራ ውኃ ለመቅዳት ስንት ሰዓት እንደሚኬድ የደጀን ልጅ ያውቃል። ማገዶውንም አስቡ። በወሎው ጥናት የታየው አንዱ ቁም ነገር የእርዳታ የብርዕ እህል በጊዜው ቢደርስ አደጋውን እንደሚቀንስ ነው፤ ይህ ደግሞ የአስተማሪ ሥልጣን አይደለም። መርዙ የቀነሰ የተሻሻለ ዘርም አለ፤ ከደብረ ዘይት የእርሻ ምርምር የወጣው ዋሴ የሚባለው። እርሱም ቢሆን በድርቅና በመሬቱ ጠባይ መርዙ ሊጨምር ስለሚችል "ይህ አይሰብርም" ብሎ መማል አይቻልም።

የተስማማንበት በጊዜው ነገር ነው። የዓመቱን ትምህርት ስናቅድ ስለ ምግብ የሚያወራውን ምዕራፍ መጽሐፉ ያስቀመጠው ቦታ ላይ ብቻ መጠበቅ የለብንም። እሸቱ ታኅሣሥ ላይ ይደርሳል፤ ትምህርቱም ኅዳር ላይ ይሁን። እሸቱ ሲደርስ ደግሞ ልጆቹን ማሳ ዳር ወስደን አረንጓዴውንና የደረሰውን ፍሬ በእጃቸው ማስያዝ ይቻላል። አረንጓዴው እንደሚጨማደድ ለማሳየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ ከሁለቱም አንድ አንድ እፍኝ በመስኮት ላይ አስጥቶ ሳምንት መጠበቅ ነው። ከዚያ ሁለቱንም በወፍጮ ድንጋይ ማስከካት ነው፤ የትኛው ክክ እንደሚሆን፣ የትኛው እንደማይሆን ልጆቹ ራሳቸው ያዩታል። ግርዱ ለማን እንደሚቀቀል ደግሞ እነርሱ ከእኛ ይልቅ ያውቃሉ።

ይህን ሙከራ እኛም በመኝታ ክፍላችን መስኮት ላይ ሠርተነዋል። አረንጓዴው በአራተኛው ቀን ተጨማደደ። የደረሰው ግን ከሳምንት በኋላም እንደ ጠጠር ነበረ። ስንከካው አረንጓዴው ከድንጋዩ ጋር ተጣበቀና አስቸገረን፤ ድንጋዩን ያዋሱን የሠፈር እናትም ተቆጡን። ከሁለቱም የተረፈው በብርጭቆ ውስጥ ሆኖ ከዚህ ጋዜጣ ሥር በመስኮቱ ላይ ተቀምጧል፤ ማየት የሚፈልግ ይመልከት፣ እባካችሁ አትብሉት። ከአዋበል፣ ከእነማይ፣ ከሸበል በረንታና ከሌላም አካባቢ የመጣችሁ ሠልጣኞች በቤታችሁ ጓያ ስንት ሌሊት እንደሚዘፈዘፍና ውኃው ይደፋ እንደሆነ በቁራጭ ወረቀት ጽፋችሁ አጠገቡ ለጥፉልን። በሚቀጥለው ቁጥር አሰባስበን እናወጣዋለን።